የሐዲዱ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ነው
የደብሊኑ የሃርኮርት ጎዳና ባቡር ጣቢያ ሞዴል አሠራርና የመስፈርት ትምህርት

መግቢያ

የማስተማሪያ መሣሪያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን በካርቶን ላይ የተሣለ ሥዕል፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ፣ ወይም ከጭቃ የተሠራ የቤት እንስሳ ነው። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ዳሩ ግን «ይህ ነገር ከእውነተኛው ስንት ጊዜ ያንሳል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጠው ጥቂቱ ብቻ ነው። ከጭቃ የተሠራው በሬ ቀንዱ ከእግሩ ቢረዝምም ማንም ግድ የለው። ተማሪውም ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ለምን ቢሉ በሬን ያውቃልና ነው፤ የተዛባውን ከራሱ ዕውቀት ያቃናዋል።

ያላየውን ነገር ስናሳየው ግን የሚያቃናበት የለውም። ባቡር በዐይኑ አይቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥንለት ባቡር እውነተኛው ባቡር ነው። ሐዲዱን አጥብበን ብናሳየው ጠባብ ነው ብሎ፣ አስፍተን ብናሳየው ሰፊ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይይዘዋል። እንግዲህ የሞዴል ሥራ ጨዋታ የማይሆነው እዚህ ላይ ነው።

ቡድናችን በሒሳብና በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ «በመስፈርት የተሠራ አንድ ሞዴል አዘጋጁ» የሚል የጋራ ሥራ በተሰጠው ጊዜ የመረጠው በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የነበረውን የሃርኮርት ጎዳና ባቡር ጣቢያ ነው። «አየርላንድን ምን አመጣው? የራሳችን ለገሃር አለ አይደለም ወይ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ምክንያታችን ሦስት ነው።

ሀ/ ጣቢያው የመስመሩ መጨረሻ ነው፤ ያለውም አንድ የመሳፈሪያ መድረክ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት የተማሪ ጠረጴዛ ተገጥሞ ይበቃዋል።

ለ/ የአየርላንድ ሐዲድ ስፋት በዓለም ላይ ጥቂት አገሮች ብቻ ያላቸው ስለሆነ፣ «የባቡር ሐዲድ ሁሉ አንድ ነው» የሚለውን ግምት ያፈርሳል።

ሐ/ ታሪኩ ከነፎቶግራፉ ተመዝግቦ ይገኛል።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

1ኛ/ ጣቢያው ምን ይመስል ነበር?

ከደብሊን ተነሥቶ በስተደቡብ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ብሬይ ከተማ የሚሄደው ይህ መስመር በ1854 ተከፈተ። ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሃርኮርት ጎዳና ላይ ያለው የጣቢያ ሕንፃ ሥራ የጀመረው ግን በ1859 ነበር። ንድፉን ያወጣው ጆርጅ ዊልኪንሰን የሚባል አርክቴክት ነው። ይህ ሰው ከዚያ ቀደም በአየርላንድ ለድሆች መጠለያ የተሠሩትን ብዙ ሕንፃዎች በመንደፍ የታወቀ ነበር።

ከፊት ለፊት ሲታይ ሕንፃው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ፣ በመካከሉ አንድ ትልቅ ቅስት፣ በግራና በቀኝም የዓምዶች ረድፍ አለው። ዋናው ነገር ግን ከመንገዱ የማይታየው ነው። ሐዲዱ የሚመጣው በተቆለለ የአፈር ድልድል ላይ ስለሆነ የመሳፈሪያው መድረክ ከጎዳናው በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። መንገደኛው ቲኬቱን ቆርጦ ደረጃ ወጥቶ ነበር የሚሳፈረው። ከመድረኩ ሥር ያለው ባዶ ቦታም አልባከነም፤ በቅስት የተሠሩ መጋዘኖች ነበሩበት፤ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ያስቀምጡበት ነበር።

ሐዲዱ በከፍታው እንዳለ ይመጣና አንድ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከግድግዳው ማዶ፣ ከታች፣ ሃች የሚባለው ጎዳና ያልፋል። ይህን ግድግዳ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መስመሩ «አያዋጣም» ተብሎ ታኅሣሥ 31 ቀን 1958 ተዘጋ። ሐዲዱም ተነቀለ። የፊት ሕንፃው ግን ሳይፈርስ ቆየ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በ2004 ሉአስ የተባለው የከተማ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር አንዱ መስመር አብዛኛውን መንገድ የያዘው በዚሁ በአሮጌው ድልድል ላይ ነው። አንዱ ማቆሚያውም ከቀድሞው ጣቢያ ደረጃ ፊት ለፊት ነው። አስገራሚው ነገር አዲሱ ባቡር በአሮጌው መንገድ ይሂድ እንጂ የሐዲዱ ስፋት ከአሮጌው የተለየ መሆኑ ነው። የቀድሞው 1600 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሉአስ 1435 ሚሊ ሜትር ነው።

2ኛ/ የ1600 ሚሊ ሜትር ስፋት ከየት መጣ?

የሐዲድ ስፋት የሚለካው ከአንዱ ሐዲድ ውስጠኛ ጎን እስከ ሌላው ሐዲድ ውስጠኛ ጎን ድረስ ነው። ከመካከል እስከ መካከል ወይም ከውጭ እስከ ውጭ አይለካም። ይህን መጀመሪያ ያልያዘ ሰው የሚሠራው ሁሉ ይዛባል።

በአየርላንድ የመጀመሪያው የባቡር መስመር በ1834 ከደብሊን እስከ ኪንግስታውን ተከፈተ። ስፋቱ የእንግሊዝ ባቡሮች የያዙት 1435 ሚሊ ሜትር ነበር። በሰሜን በኩል የአልስተር ባቡር ኩባንያ በ1839 ከቤልፋስት ተነሥቶ መስመሩን ሲከፍት ደግሞ 1880 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስፋት መረጠ። ከደብሊን ወደ ድሮሄዳ መስመር ሊዘረጋ የተነሣው ሦስተኛው ኩባንያ ሌላ ልክ አሰበ። ምን አለፋችሁ፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ተነሣ። ይህ ቢቀጥል ኖሮ ከቤልፋስት የተነሣ ፉርጎ ደብሊን ሲደርስ ዕቃው ሁሉ በሰው ጫንቃ ከባቡር ወደ ባቡር ሊገለበጥ ነው።

ጉዳዩ ለመንግሥት ቀርቦ ፓስሊ የሚባሉ የጦር መኮንን መረመሩት። እሳቸውም ባለሙያዎችን ጠይቀው መካከለኛ የሆነውን 5 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ይኸውም 1600 ሚሊ ሜትር፣ አስወሰኑ። በ1846 በወጣው ሕግም ይህ ልክ የአየርላንድ ሐዲድ ስፋት ሆኖ ጸና። የመጀመሪያው የደብሊንና የኪንግስታውን መስመር እንኳ በ1857 ተነቅሎ በአዲሱ ልክ ተዘረጋ። ከአየርላንድ ሌላ ይህን ስፋት የምናገኘው በብራዚልና በአውስትራሊያ አንዳንድ ግዛቶች ነው።

የኛም አገር ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው አሮጌው ሐዲድ 1000 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። የተማሪዎቻችን አባቶችና አያቶች ያዩት ባቡርና ልጆቹ የሚያዩት ባቡር በስፋታቸው የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የስፋት ጉዳይ የኢንጂነር ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የአንድ አገር የባቡር ታሪክ በዚያች ቁጥር ውስጥ ይነበባል።

3ኛ/ መስፈርት መምረጥ

መስፈርት ወይም በተለምዶ ስኬል የምንለው በሞዴሉ ላይ ባለው ርዝመትና በእውነተኛው ርዝመት መካከል ያለው ምጥጥን ነው። በካርታ ትምህርት የምናውቀው ያው ነው፤ ልዩነቱ ሞዴል ወደ ላይም የሚለካ መሆኑ ነው።

በእንግሊዝና በአየርላንድ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት መስፈርት 1 ለ 76 ያህል ነው። በሱቅ ተሠርቶ የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። እስቲ እናስላው፤

16.5 × 76 = 1254 ሚሊ ሜትር

ለአየርላንድ ባቡር የሚያስፈልገው 1600 ነው። ከ34 ሳንቲ ሜትር በላይ ጎደለ ማለት ነው። ትክክለኛው የሞዴል ስፋት፤

1600 ÷ 76 = 21 ሚሊ ሜትር ያህል

ይህ ጉድለት የመጣው እንዲሁ አይደለም። በአውሮፓ ሌሎች አገሮች የተለመደው መስፈርት 1 ለ 87 ሲሆን 16.5 ሚሊ ሜትር ለዚያ ልክ ነው። የእንግሊዝ ባቡሮች ግን ቁመታቸውና ስፋታቸው አነስ ያለ ስለሆነ በ1 ለ 87 ሲሠሩ የዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ሞተር በውስጣቸው አልገባ አለ። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ የባቡሩን አካል አተለቁና ሐዲዱን ባለበት ተዉት። አካሉ በአንድ መስፈርት፣ ሐዲዱ በሌላ መስፈርት ሆነ። በአየርላንድ ዛሬም ብዙው ሠሪ የሚሸጠውን ጠባቡን ሐዲድ ይጠቀማል፤ አንዳንዱ ግን በእጁ 21 ሚሊ ሜትር እየለካ ይዘረጋል። ለጨዋታ ከሆነ ሁለቱም መብቱ ነው። ለማስተማር ግን አንድ አካል ሁለት መስፈርት ሊኖረው አይገባም።

እኛ የመረጥነው መስፈርት 1 ለ 100 ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የእውነቱ 1 ሜትር በሞዴሉ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የ5ኛ ክፍል ተማሪ ያለማካፈል፣ በማስመሪያው ብቻ ሊያነበው ይችላል። በዚህ መስፈርት፤

የአየርላንድ ሐዲድ 16 ሚሊ ሜትር፣
የሉአስ ሐዲድና የኛ አዲሱ መስመር 14.35 ሚሊ ሜትር፣
አሮጌው የጅቡቲ መስመር 10 ሚሊ ሜትር፣
ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ከደብሊን ብሬይ ያለው መስመር በሙሉ በዚህ መስፈርት ይሠራ ቢባል 200 ሜትር ይፈጃል፤ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት እጥፍ ገደማ ነው። ስለሆነም ከመስመሩ የወሰድነው ጣቢያውንና ጥቂት ሐዲድ ብቻ ነው።

4ኛ/ ልክ ከፎቶግራፍ እንዴት ይወጣል?

ከሁሉ የሚሻለው የሕንፃውን ንድፍ ማግኘት ነው። በአየርላንድ በሞዴል ሥራው ስሙ የሚነሣው ሲሪል ፍራይ በደብሊን ኢንቺኮር በሚገኘው የባቡር ፋብሪካ የንድፍ ባለሙያ ስለነበረ ሞዴሎቹን የሠራው ከእውነተኛው ንድፍ እየቀዳ ነው። ሥራዎቹ ዛሬ ከደብሊን በስተሰሜን ባለችው በማላሃይድ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። አንድ ሰው ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በትዕግሥት የሠራው ነገር ለአገር ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ንድፍ በሌለበት ግን ፎቶግራፍ ይረዳል። ዘዴው እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የተነሣ ፎቶግራፍ ፈልግ። በጎን የተነሣ ፎቶግራፍ የራቀውን አሳጥሮ ያሳያል።

ለ/ በፎቶግራፉ ላይ ልኩ የሚታወቅ ነገር ፈልግ። የቆመ ሰው፣ በር፣ ወይም ሐዲዱ ራሱ ይሆናል። ይህ ነገር ልኩ ከሚፈለገው ነገር ጋር ከፎቶግራፍ አንሺው እኩል የራቀ መሆን አለበት።

ሐ/ ሁለቱንም በማስመሪያ ለክተህ አነጻጽር።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ከዓምድ ሥር የቆመ ሰው በፎቶግራፉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር፣ ዓምዱ ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ሆነው ቢገኙ፣ ዓምዱ የሰውየውን 3.5 እጥፍ ነው። ሰውየው 1.70 ሜትር ነው ብንል ዓምዱ 5.95 ሜትር፣ በሞዴሉ ላይ 59.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰዎች ቁመታቸው ስለሚለያይ በአንድ ሰው መተማመን አይገባም፤ ሦስት አራት ሰው ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል። አማካይን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የት ይገኛል?

5ኛ/ የተሠራበት ዕቃና አሠራሩ

ለዚህ ሥራ ከሱቅ የተገዛ ነገር ኮላና ምላጭ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በየትኛውም የገጠር ትምህርት ቤት አካባቢ የሚገኝ ነው።

መሠረቱ። ሁለት ጠረጴዛ ተገጥሞ ካርቶን ተነጠፈበት። ሐዲዱ ከጎዳናው ከፍ ያለ ስለሆነ በጠረጴዛው ላይ የጫማ ካርቶን ደርድረን ድልድሉን ከፍ አደረግነው። በካርቶኖቹ ጎን ላይ የመጋዘኖቹን ቅስት በምላጭ ቆረጥን።

ሐዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች። እነዚህ ከክብሪት እንጨት ተሠሩ። እውነተኛው አግዳሚ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ስለሚል ርዝመቱ 2.60 ሜትር፣ በሞዴሉ 26 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 75 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በሞዴሉ 7.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለሁለት ሜትር ሐዲድ ከ260 በላይ አግዳሚ ያስፈልጋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ለያንዳንዱ ተማሪ ሰባት ሰባት ቢደርሰው በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ሐዲዱ። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ ሽቦ በመዶሻ ተቃንቶ ተዘረጋ። እዚህ ላይ ዋናውን መሣሪያ እናስተዋውቃችሁ፤ ስፋቱ ልክ 16 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሞረድ የተስተካከለ የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። አንዱን ሽቦ በኮላ ካጣበቅን በኋላ ቆርቆሮውን አስጠግተን ሁለተኛውን ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር እያስነካን እናጣብቃለን። ቆርቆሮው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ከዳር እስከ ዳር ሳይጠብቅና ሳይላላ መንሸራተት አለበት። እውነተኛው የሐዲድ ሠራተኛም ከዚህ የማይለይ መለኪያ ይዞ ነው የሚሠራው።

ጠጠሩ። በአግዳሚዎቹ መካከል የሚፈሰው ጠጠር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው ቢባል በሞዴሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በወንፊት የተነፋ አሸዋ ይበቃዋል። ያልተነፋ አሸዋ ብናፈስ ሐዲዱ በቋጥኝ ላይ የተዘረጋ ይመስላል።

ሕንፃው። ግድግዳው ካርቶን፣ ዓምዶቹ የተላጠ የማሽላ አገዳ፣ ደረጃው ተደራርቦ የተጣበቀ ካርቶን ነው። የድንጋዩን መልክ ያገኘነው የጠመኔ ዱቄትና ጥቂት አመድ በኮላ አቡክተን በመቀባት ነው።

ፉርጎው። አካሉ የክብሪት ቀፎ፣ መንኮራኩሩ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን መንኮራኩር በሞዴሉ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ትንሹ የሸሚዝ ቁልፍ ልክ መጣ።

6ኛ/ ያከራከሩን ሦስት ነገሮች

የሞዴል ሥራ የእጅ ሥራ ብቻ ነው የሚል ካለ ክርክራችንን ቢሰማ ኖሮ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር።

አንደኛው ክርክር ስለ ስፋቱ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ «በመጻሕፍት በብዛት የምናገኘው 1435 ነው፤ 14 ሚሊ ሜትር አድርገን እንገላገል፤ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማን ያውቃል?» አለ። ሌላዋ፣ «ተማሪው አያውቅም፤ ስለማያውቅ ነው እኮ እውነቱን ልንሰጠው የሚገባን» ብላ መለሰችለት። ሲሰላም 14 ሚሊ ሜትር ማለት 1400 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአየርላንድ ሐዲድ 20 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። በእውነተኛው ዓለም 20 ሳንቲ ሜትር የጎደለው ሐዲድ ላይ አንድም ፉርጎ አይቆምም። 16 ጸደቀ።

ሁለተኛው ስለ ከፍታው ነው። ድካም ለመቀነስ ሐዲዱን በጠረጴዛው ላይ እንዲሁ እንዘርጋው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን ከፍታው ከተወገደ የመንገደኛው ደረጃ ለምን እንደተሠራ፣ መጋዘኖቹ የት እንደነበሩ፣ የመጨረሻው ግድግዳም ለምን አስፈሪ እንደሆነ ምንም የሚነግር አይኖርም። ርዝመትን መቁረጥ ይቻላል፤ የነገሩን ምክንያት መቁረጥ ግን አይቻልም። ከፍታው ቀረ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። የካቲት 14 ቀን 1900 ከኤኒስኮርቲ ከብት ጭኖ የመጣ ባቡር በጣቢያው መቆም አቃተው። ሎኮሞቲቩ ማቆሚያውን ሰብሮ፣ ያንን የመጨረሻውን ግድግዳ በርቅሶ፣ ግማሽ አካሉ ከሃች ጎዳና በላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ሾፌሩ ግን አንድ እጁን አጣ። የተንጠለጠለው ሎኮሞቲቭ ፎቶግራፍ ዛሬም በብዙ መጽሐፍ ይታያል።

ታዲያ ከመካከላችን ጥቂቶች «ሞዴላችን ይህን ያሳይ፤ ልጆቹ ይወዱታል» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ «የአንድ ሠራተኛ እጅ የተቆረጠበትን ቀን መሣቂያ ልናደርገው ነው?» አልን። መምህራችንም ክርክሩን ካዳመጡ በኋላ፣ «ምን እንደሆነ ሳይሆን ለምን እንደሆነ የሚያሳይ ከሆነ አድርጉት» አሉን። ይህ ንግግራቸው ሥራችንን አቃናልን። ግድግዳውን ሙሉ አድርገን ሠራነው፤ ስለ አደጋው ግን አንድ የፊዚክስ ሙከራ አዘጋጀን።

ለመረዳት እንዲያመች ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1889 በሰሜን አየርላንድ በአርማ ከተማ አጠገብ ለሽርሽር የወጡ ብዙ ሕፃናት የነበሩበት ባቡር ተቆርጦ ወደ ኋላ በመንሸራተቱ ሰማንያ ያህል ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ በመንገደኛ ባቡር ላይ በሁሉም ፉርጎ የሚሠራ ፍሬን እንዲኖር አስገደደ። የጭነት ባቡር ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ነበር። ረጅም የጭነት ባቡር የሚቆመው በፊት ባለው ሎኮሞቲቭና በኋላ ባለው የጠባቂው ፉርጎ ፍሬን ነው፤ በመካከል ያሉት የተጫኑት ፉርጎዎች ይገፋሉ እንጂ አይይዙም።

ሙከራው ቀላል ነው። አምስት የክብሪት ቀፎ ፉርጎዎች በክር ይያያዙና ባዶ ሆነው ከተንጋደደ ጣውላ ላይ ይለቀቃሉ፤ በፊተኛው ላይ ብቻ መንኮራኩሩ እንዳይዞር ይታሰራል። የት እንደቆሙ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ቀጥሎ ፊተኛው ባዶ እንደሆነ የቀሩት አራቱ አሸዋ ተሞልተው በዚያው ከፍታ ይለቀቃሉ። ተማሪዎቹ ከኋላ ያለው ጭነት ፊተኛውን ገፍቶ ከምልክቱ እንደሚያሳልፈው በዐይናቸው ያያሉ። በመጨረሻም አምስቱም መንኮራኩራቸው ታስሮ ሲለቀቁ ልዩነቱን ያስተውላሉ። ይህን ያየ ልጅ ሾፌሩን አይሥቅበትም፤ ሕጉ ለምን ለጭነቱም ባቡር አልሆነም ብሎ ይጠይቃል።

7ኛ/ በክፍል ውስጥ

ሞዴሉን በማለማመጃ ትምህርት ቤት ለ5ኛ ክፍል ባሳየንበት ጊዜ መጀመሪያ ያደረግነው ምንም አለመናገር ነው። ማስመሪያ ብቻ ሰጠናቸው። አንዲት ተማሪ ሐዲዱን ለክታ 16 ካነበበች በኋላ መስፈርቱ መቶ መሆኑን ስንነግራት «እንግዲያው የእውነቱ አሥራ ስድስት መቶ ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ማስቆም አልተቻለም። በሩን፣ ደረጃውን፣ ዓምዱን እየለኩ የእውነቱን ይናገሩ ጀመር። አንድ ልጅ ደግሞ «ሰዎቹስ የታሉ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ሰው የሌለበት ጣቢያ ትልቅነቱ አይታወቅም። በማግሥቱ ልጆቹ ራሳቸው ከክብሪት እንጨትና ከክር 17 ሚሊ ሜትር የሆኑ መንገደኞች ሠርተው አመጡ።

ሞዴሉ አጠገብ አንድ የጽሑፍ ካርድ አስቀምጠናል። በሦስት መሥመር የተከፈለ ነው፤

በልኩ የተሠራ፤ የሐዲዱ ስፋት፣ አግዳሚዎቹ፣ ሰዎቹ።
ከፎቶግራፍ የተሰላ፤ የሕንፃው ከፍታ፣ ዓምዶቹ፣ ቅስቱ፣ የድልድሉ ከፍታ።
የተቆረጠ፤ የመድረኩና የሐዲዱ ርዝመት።

ማንኛውም ሞዴል የሚተወው ነገር አለው። መተው ነውር አይደለም። የተውነውን ሳንናገር ተማሪው ሙሉ እንደሆነ አድርጎ እንዲያምን ማድረግ ግን ነውር ነው። ይህ ካርድ ከሞዴሉ ያነሰ ሥራ የፈጀ ቢሆንም ከሞዴሉ ያላነሰ ትምህርት ሰጥቶናል ብንል ማጋነን አይሆንም።

መልመጃ

1. ቁመቱ 2.50 ሜትር የሆነ በር በ1 ለ 100 ሞዴል ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል?
2. ባቡር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚሁ መስፈርት የሞዴሉ ባቡር 2 ሜትር ሐዲድ በስንት ሰኮንድ መጨረስ አለበት?
3. ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ በሞዴሉ ላይ ስንት ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው? ከእውነተኛው ስንት ጊዜ ያንሳል?
4. 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፉርጎ ከዚያው ብረትና እንጨት በ1 ለ 100 ቢሠራ ስንት ግራም ይመዝናል?
5. አሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ በ1 ለ 50 ቢሠራ ስፋቱ ስንት ነው?

መልስ፤ 1) 25 ሚሊ ሜትር። 2) 12 ሰኮንድ። 3) 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር፤ 10,000 ጊዜ። 4) 10 ግራም፤ ክብደት የሚከተለው ይዘትን ስለሆነ በ1,000,000 ይካፈላል። 5) 20 ሚሊ ሜትር።

4ኛውን ጥያቄ 100 ኪሎ ግራም ብሎ የሚመልስ ተማሪ ብዙ ነው። ርዝመት በ100፣ ስፋት ያለው ወለል በ10,000፣ ይዘት በ1,000,000 እንደሚያንስ በቃል ከመንገር አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ጭቃና አንድ ሜትር ኩብ የሚያህል የሸንበቆ ማዕዘን ጎን ለጎን ማሳየት ይበልጣል።

መደምደሚያ

ዕጩ መምህራን ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ላይኖረው ይችላል። ክብሪት፣ ካርቶን፣ ሽቦና አገዳ ግን የማይገኝበት የለም። የሚጎድለው ዕቃው ሳይሆን ልኩን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የአየርላንድ ጣቢያ መሥራት ግዴታ አይደለም፤ የአካባቢያችሁ ድልድይ፣ ወፍጮ ቤት፣ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ራሱ ይበቃል። ብቻ አንድ መስፈርት ምረጡ፤ ለሁሉም አካል እርሱኑ ጠብቁ፤ የቆረጣችሁትንም በግልጽ ጻፉ።

ሞዴሉ በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ በመስኮቱ በኩል ባለው ጥግ ተቀምጧል። የምትመጡ ሁሉ ማስመሪያ ይዛችሁ ኑ። የቆርቆሮዋ መለኪያ በክር ታስራ አጠገቡ አለች፤ በሐዲዱ ላይ አንሸራትቷት፤ የሚጠብቅ ወይም የሚላላ ቦታ ያገኘ ካለ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍልን፤ እናርመዋለን።